የታየውን መጻፍ፦ የቴሌስኮፕ ምልከታ መዝገብና የአማርኛ ስያሜዎቹ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕላኔቶችን፣ ጨረቃዎቻቸውንና አስትሮይዶችን በቴሌስኮፕ የሚመለከት ሰው ያየውን በአማርኛ ሲመዘግብ የሚያስፈልጉትን ቃላት መመርመር፣ በሥራ ላይ ካሉት መካከል የሚሻሉትን መምረጥ፣ በጎደለውም ቦታ የስያሜ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ጉዳዩ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የምልከታ መዝገብ ከሁሉ በፊት የቋንቋ ሥራ በመሆኑ የቋንቋ አጥኚውንና ተርጓሚውን በቀጥታ ይመለከታል።

በቤተ ሙከራ የሚሠራ ሰው የጻፈው ቢያጠራጥረው ሙከራውን መድገም ይችላል። ሰማይን የሚመለከት ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ያለፈ ሌሊት አይመለስም። የጁፒተር ደመና በማግሥቱ ሌላ መልክ ይይዛል፤ አስትሮይዱም ከነበረበት ይርቃል። ከዚያ ሌሊት ለኋላ ሰው የሚተርፈው የተጻፈው ቃል፣ የተነደፈው ንድፍና የተቀረጸው ምስል ብቻ ነው። ምስሉም ቢሆን መቼ፣ የትና በምን ሁኔታ እንደተነሣ የሚገልጽ ቃል ካልታከለበት ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ያለ አሻሚ ቃል የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ምልከታውን ከነጭራሹ ሊያጠፋው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ “ዓ.ም.” የሚል ምልክት ካልታከለበት በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. አንድ ቃል ያስከተለው ስሕተት

ጣሊያናዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በ1877 ማርስ ወደ መሬት በቀረበችበት ወቅት ሚላኖ ከሚገኘው የብሬራ ምልከታ ቤት ሆኖ የፕላኔቷን ገጽ ነደፈ። በገጿ ላይ ያያቸው የመሰሉትን ቀጫጭን መስመሮች በቋንቋው “ካናሊ” ብሎ ጠራቸው። ይህ የጣሊያንኛ ቃል ውኃ በተፈጥሮ የሚሄድበትን መተላለፊያም፣ ሰው የቆፈረውንም ቦይ ያጠቃልላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ግን የሰው እጅ ሥራ የሆነውን ብቻ በሚያመለክተው ቃል ተተካ። ቦይ ካለ ቆፋሪ አለ፤ ቆፋሪ ካለ ደግሞ በማርስ ላይ አስተዋይ ፍጥረት አለ ወደሚል መደምደሚያ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል በ1894 በአሪዞና የምልከታ ቤት አቋቁሞ ይህንኑ ሐሳብ በመጻሕፍቱ አስፋፋ።

በ1909 ዩጂን አንቶኒያዲ ከፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የመዶን ምልከታ ቤት፣ የሌንሱ ስፋት 83 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ማርስን ተመለከተ። አየሩ በረጋበት ጊዜ መስመር ይመስል የነበረው ነገር እየተበተነ ሥርዓት የሌላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሆኖ ታየው። በ1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አጠገብ አልፋ የላከቻቸው ሥዕሎች ጎድጓዳ የግጭት ጠባሳዎችን ሲያሳዩ አንዳች ቦይ አልታየባቸውም።

ስሕተቱን ያመጣው ትርጉሙ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም፤ ዐይንም አስቷል፣ ምኞትም ረድቷል። ይሁን እንጂ ይኸው ቃል ወደ አማርኛ ቢመጣ ምን እናደርጋለን ብለን መጠየቅ ይገባናል። “ቦይ” ብንል በአማርኛ ቦይ የሚቀደድ ነገር ነውና የእንግሊዝኛውን ስሕተት እንደግማለን። “ፈፋ” ብንል ጎርፍ የቦረቦረው ማለታችን ነው፤ ቆፋሪውን አስወግደን ውኃውን አስቀረን። ለመዝገብ የሚስማማው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ይኸውም “ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር” ማለት። ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ መመሪያ፣ በመዝገብ ላይ የሚሰፍር ቃል መልክን እንጂ ምንነትን አይሰይም የሚል ነው።

ለ. “ታየ”፣ “መሰለ” እና “አልታየም”

ጋሊሌዮ ጋሊሌይ በጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ሌሊት በጁፒተር አጠገብ ሦስት ትንንሽ ከዋክብት አየ፤ ሁለቱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ነበሩ። በማግሥቱ ግን ሦስቱም በምዕራብ በኩል ተሰልፈው አገኛቸው። ከዋክብት ናቸው ብሎ ቢያስብም የመዘገበው ግምቱን ብቻ ሳይሆን ቦታቸውንም ጭምር ነበር። በሌሊቶች ተራ የተቀመጠው ይህ የቦታ መዝገብ፣ አካላቱ ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች መሆናቸውን ራሱ ገለጠለት፤ በዚያው ሳምንትም አራተኛውን ጨመረ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላው ምዝገባው ነው። በዲሴምበር 1612 እና በጃንዋሪ 1613 ጋሊሌዮ ጁፒተርን ሲነድፍ በአቅራቢያው የነበረ አንድ “ኮከብ” አብሮ አስፍሯል፤ ከሌላው ኮከብ ያለው ርቀትም ካለፈው ሌሊት የተለወጠ እንደ መሰለው ጽፏል። ያ “ኮከብ” ኔፕቲዩን ነበር። ዮሃን ጋሌ የኡርቤን ለቬርዬን ስሌት ተከትሎ በበርሊን ያገኘው ከ233 ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 ነው። ጋሊሌዮ ያየውን ምን እንደሆነ ባያውቅም ያየውን በትክክል ስለጻፈ መዝገቡ ዛሬም የሚጠቀስ ማስረጃ ሆኗል።

የአማርኛ ግሥ ለዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የተመቸ ነው። “ታየ” ተመልካቹ የሚመሰክርበት፣ “የታየ መሰለ” በዐይኑ ጠርዝ የያዘው፣ “ተብሎ ይገመታል” ደግሞ ከምልከታው ውጭ ያመጣው ነው። ሦስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መደባለቅ የለባቸውም።

ችግር የምናገኘው በአሉታው ላይ ነው። “የሳተርንን ጨረቃ አላየንም” የሚል ምዝገባ ሁለት ፍቺ አለው፤ ፈልገን አጣናት ማለት ይሆናል፣ ወይም ያን ሌሊት አልፈለግናትም ማለት ይሆናል። የመጀመሪያው ዋጋ ያለው ምልከታ ነው፤ በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ መሣሪያ፣ በተወሰነ ቦታ ላይ ይህን ያህል ብርሃን ያለው አካል እንዳልነበረ ይመሰክራልና። ሁለተኛው ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው “ተፈልጎ አልታየም”፣ ለሁለተኛው “አልተሞከረም” የሚሉትን ሁለት ቋሚ ሐረጎች እናቀርባለን።

ሐ. ርጋታና ጥራት

ተማሪ የምልከታ መዝገብ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ “ሰማዩ ጥሩ ነበር” ብሎ ይጽፋል። ይህ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደበላልቃል። አንደኛው አየሩ ምን ያህል ብርሃን ያሳልፋል የሚለው ነው፤ ጉም፣ አቧራና ጢስ ይቀንሱታል። ሁለተኛው አየሩ ምን ያህል ጸጥ ብሏል የሚለው ነው፤ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር ሲደባለቅ ምስሉ እንደ ፈሰሰ ውኃ ይዋልላል። ዝናም አጥቦት ነፋስ የሚነፍስበት ሰማይ ከዋክብቱ እጅግ የበዙበት፣ ነገር ግን የጁፒተር ገጽ የሚንቀጠቀጥበት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ቀለል ያለ ጭጋግ የሸፈነው ሌሊት ደብዛዛ ከዋክብትን ደብቆ የፕላኔቶችን ገጽ ቁልጭ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ለመጀመሪያው “ጥራት”፣ ለሁለተኛው “ርጋታ” እንድንል ሐሳብ እናቀርባለን። ሁለቱም ሕዝቡ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፤ የጠራ ሰማይና የረጋ ውኃ ማለት የተለመደ ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ርጋታን በቁጥር መስጠት የተለመደ ሲሆን በዚህ ረገድ ተርጓሚው መጠንቀቅ ያለበት አንድ ወጥመድ አለ። ከላይ የጠቀስነው አንቶኒያዲ ያወጣው መለኪያ አምስት ደረጃ አለው። 1ኛ፣ ምስሉ ከቶ የማይንቀጠቀጥበት፤ 2ኛ፣ ጥቂት የሚንቀጠቀጥበት፣ በመካከሉ ግን ለበርካታ ሰኮንዶች ጸጥ የሚልበት፤ 3ኛ፣ መካከለኛ ሆኖ ጎላ ያለ መንቀጥቀጥ ያለበት፤ 4ኛ፣ ያለማቋረጥ የሚያውክ መዋዠቅ ያለበት፤ 5ኛ፣ ሻካራ ንድፍ እንኳ ለመሥራት የማያስችል። የዊልያም ፒከሪንግ መለኪያ ደግሞ ከ1 እስከ 10 ሲሄድ የሚሻለው 10 ነው። እንግዲህ “ርጋታ 1” የሚል ምዝገባ በአንዱ መለኪያ ከሁሉ የተሻለውን፣ በሌላው ከሁሉ የከፋውን ሌሊት ያመለክታል። የመለኪያው ስም ያልታከለበት ቁጥር ከባዶ ቦታ የከፋ ነው፤ ባዶ ቦታ ቢያንስ አያሳስትም።

መ. ሰዓትና ዕለት

የኢትዮጵያ ተመልካች ከሌሎች የሚለይበት ዋናው ችግር በጊዜ አጻጻፍ ላይ ይገኛል። የምልከታ ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት መጻፍ አለበት። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፍ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በተጨማሪም የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ ነው። በመሆኑም የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት 18፣ የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ደግሞ 21 ይሆናል። ደንቡን በአጭሩ ለመግለጽ፣ በሌሊት ሰዓታችን ላይ 15 እንጨምራለን፤ ድምሩ 24 ከሞላ ግን 24ን ቀንሰን ወደ ሚቀጥለው ቀን እንሻገራለን። ከዚህ እንደምንረዳው የዓለም አቀፉ ዕለት የሚለወጠው በእኛ ሰዓት ልክ ከሌሊቱ 9 ላይ ነው፤ ተመልካቹ በቴሌስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰ ቀኑ ይለወጥበታል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጭንቀት ብቻ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በ2004 የተገኘው አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ በኤፕሪል 13 ቀን 2029 በዓለም አቀፍ ሰዓት 21:46 ገደማ ከመሬት ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደሚያልፍ ተሰልቷል። ይህ ርቀት በምድር ወገብ አንጻር ቆመው ከሚዞሩት የመገናኛ ሳተላይቶች ርቀት ያነሰ ነው። ይህንኑ ቅጽበት በእኩለ ሌሊት ዕለት የሚለውጥ የአዲስ አበባ ጸሐፊ ኤፕሪል 14 ከ0:46 ይለዋል። በልማዳዊ አነጋገር ሌሊቱን ካለፈው ቀን ጋር የሚቆጥር ሰው ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ብሎ ይጽፋል። ዕለት ከምሽት ይጀምራል የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ቆጠራ የሚከተል ደግሞ ሚያዝያ 6 ይለዋል። አራቱም በየራሳቸው ሥርዓት ልክ ናቸው። በየትኛው ሥርዓት እንደጻፉ ካልገለጹ ግን የአንድ ሙሉ ቀን ልዩነት ይፈጠራል፤ እንዲህ በፍጥነት ለሚጓዝ አካል የአንድ ቀን ስሕተት ምዝገባውን ዋጋ ያሳጣዋል።

ሥነ ፈለክ ለዚህ የሚያገለግል ሌላ መፍትሔ አለው። የዩልዮስ ዕለት ቁጥር የሚባለው አቆጣጠር ወርና ዓመት ሳይለይ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን ቀትር ጀምሮ ዕለታትን በተከታታይ ይቆጥራል። መሠረቱን ዮሴፍ ስካሊገር በ1583 ያቆመው ሲሆን ወደ ሥነ ፈለክ ሥራ ያስገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ጆን ኸርሽል ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በዚህ አቆጣጠር 2,454,356 ይሆናል። ይህ ዕለት የሚለወጠው በዓለም አቀፍ ሰዓት ቀትር ላይ፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የአገራችን ሌሊት ከምሽት እስከ ንጋት በአንድ የዩልዮስ ዕለት ውስጥ ሳይከፈል ያድራል። ባሕረ ሐሳብን ለተማረ ሰው ዕለታትን ከዓለም መጀመሪያ አንሥቶ መደመር እንግዳ ነገር አይደለምና ሐሳቡን ማስረዳት አይከብድም።

ሠ. ደቂቃ፣ ኬክሮስ፣ ደረጃ

አንዳንድ ቃላት በሁለት ሙያ መካከል ቆመው ሁለት ጌታ ያገለግላሉ። “ኬክሮስ” የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በባሕረ ሐሳብ ኬክሮስ የጊዜ ክፍል ነው፤ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ስለሆነ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይመዝናል፤ እሱም 60 ካልኢት፣ ካልኢትም 60 ሣልሲት እየሆነ ይወርዳል። በዛሬው ጂኦግራፊ ግን ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ደቡብ የሚለካ ርቀት ነው። በምልከታ መዝገብ ውስጥ የቦታም የጊዜም ልክ ጎን ለጎን ስለሚጻፍ፣ ኬክሮስን ለቦታ ብቻ መተው የሚሻል ይመስለናል።

“ደቂቃ”ም እንዲሁ ነው። የሰዓት ስድሳኛ ክፍል ደቂቃ ይባላል፤ የዲግሪ ስድሳኛ ክፍልም ደቂቃ ይባላል። በሰማይ ላይ የአንድ አካል ምሥራቃዊ ርቀት በሰዓትና በደቂቃ ሲለካ፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ ያለው ርቀት ግን በዲግሪና በደቂቃ ይለካል። በሰማይ ወገብ ላይ አንድ የሰዓት ደቂቃ 15 የማዕዘን ደቂቃ ነው። “አስትሮይዱ 2 ደቂቃ ተንቀሳቀሰ” የሚል ምዝገባ እንግዲህ አሥራ አምስት እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። “የሰዓት ደቂቃ” እና “የማዕዘን ደቂቃ” ብሎ በሙሉ መጻፍ ቢረዝምም መቅረት የለበትም።

ስለ ብርሃን መለኪያ ግን አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ ዕድል አለው። የጥንቱ በጥሊሞስ ከዋክብትን በስድስት ማዕረግ ሲከፍል በጣም የሚያበሩትን አንደኛ፣ በጭንቅ የሚታዩትን ስድስተኛ አላቸው። በ1856 ኖርማን ፖግሰን ይህን በስሌት አጽንቶ የአምስት ማዕረግ ልዩነት የመቶ እጥፍ ልዩነት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። በላቲን ለዚህ የዋለው ቃል “ትልቅነት” ማለት በመሆኑ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው አንባቢው ስለ አካሉ ግዝፈት የሚነገር እንዲመስለው ያደርጋል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ ማነሱም ግራ ያጋባዋል። “የብርሃን ደረጃ” ብንል ግን አንደኛ ደረጃ ከስድስተኛ እንደሚበልጥ ማንም ስለሚያውቅ፣ ከላቲኑ ቃል ይልቅ ወደ ጥንቱ ሐሳብ እንቀርባለን።

ረ. የጨረቃዎች ክሥተቶች

የጁፒተር አራት ታላላቅ ጨረቃዎች በተመልካች ፊት አራት ዓይነት ክሥተት ያሳያሉ። ጨረቃዋ በጁፒተር ፊት ታልፋለች፤ ጥላዋ በጁፒተር ገጽ ላይ ያልፋል፤ ጨረቃዋ ከጁፒተር በስተጀርባ ትሆናለች፤ ወይም በጁፒተር ጥላ ውስጥ ትገባለች። አራቱን የሚለዩ አራት ስያሜዎች ያስፈልጉናል።

“ግርዶሽ” የሚለው ነባር ቃል “ጋረደ” ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ጨረቃ ፀሐይን ትጋርዳለች፤ በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ግን በጨረቃና በእኛ መካከል የቆመ ነገር የለም፤ ጨረቃ በምድር ጥላ ውስጥ ትገባለች እንጂ። ስለዚህ አንዱ ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። ለዕለታዊ ንግግር ይህ አይጎዳም። በጁፒተር ጨረቃዎች ዘንድ ግን መጋረድና ጥላ ውስጥ መግባት በአንድ ሌሊት ሊከታተሉ ስለሚችሉ መለየት ግድ ነው።

ልዩነቱም ታሪካዊ ዋጋ አለው። ኦሌ ሮመር በ1676 ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚፈጅ ያሳየው አዮ የተባለችው ጨረቃ ከጁፒተር ጥላ ጋር የምትገናኝባቸውን ሰዓቶች ከረጅም ጊዜ መዝገብ አውጥቶ በማነጻጸር ነው። ብርሃን የመሬትን ምህዋር ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር 22 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል ብሎ ገመተ፤ ትክክለኛው 16 ደቂቃ ከ40 ሰኮንድ ገደማ ነው። ጥላ ውስጥ የመግባት ቅጽበት የሚወሰነው በፀሐይ፣ በጁፒተርና በጨረቃዋ አሰላለፍ ነው። ከጀርባ የመደበቅ ቅጽበት ግን መሬት ባለችበት ቦታም ይወሰናል። ሁለቱን በአንድ ቃል የጻፈ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ለሮመር ባላገለገለው ነበር።

ስለዚህ “ግርዶሽ”ን በዚህ መዝገብ ውስጥ ጥላ ውስጥ ለመግባት ብቻ እንድናውለው እናሳስባለን። ከጀርባ ለመደበቅ ሦስት አማራጮችን መርምረናል። “ክለላ” መሬትንና ደንን ለመከለል ተይዟል። “ስወራ” ሀብትን ከሕግ ዐይን መደበቅን ያሳስባል። “መሰወር” ግን በአማርኛ ከዐይን መጥፋትን እንጂ ከሕልውና መጥፋትን አያመለክትም፤ ተሰወረ የተባለ ሰው ሞተ አይባልም። ተቃራኒውም “መገለጥ” ሆኖ ዝግጁ ነው። በመሆኑም መሰወርና መገለጥ የሚለውን ጥንድ መርጠናል። በፕላኔት ፊት ለማለፍ “ኅልፈት” ማለት ያጓጓል፤ ነገር ግን ቃሉ የሞት ጠረን ስላለበት “መሻገር” እና “የጥላ መሻገር” ይሻላሉ።

ሰ. ምሥራቅ የትኛው ነው?

በቴሌስኮፕ የሚታይ ምስል እንደ መሣሪያው ዓይነት ይገለበጣል፣ ወይም ግራና ቀኙ ይለዋወጣል። “ግልባጭ” የሚለው ቃል በጽሕፈት ቤት የደብዳቤ ቅጅ ማለት ሆኗልና ለዚህ አይመችም። ራሱ ወደ ታች የሆነውን “የተዘቀዘቀ ምስል”፣ እንደ መስታወት የሆነውን “ግራ ቀኙ የተለዋወጠ ምስል” ማለት ይበቃል።

ከዚህ የሚከብደው የአቅጣጫ ስም ነው። እስከ 1961 ድረስ የጨረቃ ካርታ ምሥራቅና ምዕራብ የሚሰየመው ከምድር ሆኖ በሚመለከት ሰው ሰማይ አቅጣጫ ነበር። በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በጨረቃ ላይ ለቆመ ሰው ፀሐይ የምትወጣበት ወገን ምሥራቅ እንዲባል ወሰነ። በዚህ ምክንያት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ “የምሥራቅ ባሕር” የሚል የላቲን ስም የተሰጠው ታላቅ ገበታ መሬት ዛሬ የሚገኘው በጨረቃ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ከ1961 በፊት የታተመ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ይህን ካላወቀ ቃሉን በትክክል ተርጉሞ ቦታውን ያሳስታል።

ነባር ተመልካቾች ከዚህ ችግር ያመለጡት በሌላ ጥንድ ቃል ነው። ቴሌስኮፑ ቆሞ ሰማይ ሲዞር ከእይታ መስክ ቀድሞ የሚወጣውን የፕላኔት ጠርዝ “ቀዳሚ”፣ ኋላ የሚወጣውን “ተከታይ” ይሉታል። እነዚህ ቃላት ምስሉ ቢዘቀዘቅም ቢለዋወጥም አይሳሳቱም። ተመልካቹ ማንኛውንም ካርታ ሳይገልጥ በዐይኑ ሊያረጋግጣቸው ስለሚችል “ቀዳሚ ጠርዝ” እና “ተከታይ ጠርዝ” የሚሉትን ሳንለውጥ እንቀበላለን።

ሸ. ፈለክ፣ ፕላኔት፣ አስትሮይድ

በግእዝ የሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ ዓጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል የሚባሉ ስሞች ይገኛሉ፤ ሁሉም ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው። ውበት ቢኖራቸውም ለዩራነስና ለኔፕቲዩን የሚሆን ስም በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሁለቱ የተገኙት በቴሌስኮፕ ዘመን፣ በ1781 እና በ1846 ነውና። መዝገብ ግማሹን በዐረብኛ፣ ግማሹን በላቲን ስም ሊጽፍ ስለማይገባው በዓለም አቀፍ ስሞች እንዲጠቀም እንመክራለን። ነባሮቹ ስሞች ግን በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከነፍቺያቸው መቀመጥ አለባቸው። “ፈለክ” የሚለውም በዐረብኛ አካሉን ሳይሆን የሚዞርበትን ክበብ የሚያመለክት ነበር። “ሥነ ፈለክ” በሚለው ስም ውስጥ እንደ ጸና ይቆይ፤ ለአካሉ ግን “ፕላኔት” የማያሻማ ነው።

ስለ አስትሮይድ ስያሜ ታሪኩ ራሱ ይመክረናል። ጁዜፔ ፒያትሲ በጃንዋሪ 1 ቀን 1801 በፓሌርሞ አንድ ደብዛዛ ኮከብ መዘገበ፤ በተከታዮቹ ሌሊቶች ቦታው ተለወጠ። እስከ ፌብሩዋሪ 11 ከተመለከተው በኋላ ሕመም አቋረጠው፤ አካሉም ወደ ፀሐይ ብርሃን ተጠግቶ ጠፋ። ወጣቱ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ከፒያትሲ ጥቂት ምዝገባዎች ተነሥቶ ምህዋሩን ስለቀመረ በዓመቱ መጨረሻ ተመልሶ ተገኘ። ሴሬስ የተባለው ይህ አካል መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ፣ ቀጥሎ ፕላኔት፣ ከዚያ አስትሮይድ፣ ከ2006 ወዲህ ደግሞ ድንክ ፕላኔት ተብሏል። ስሙ አራት ጊዜ ሲለወጥ የፒያትሲ የቦታና የሰዓት ቁጥሮች አልተለወጡም።

ዊልያም ኸርሽል በ1802 ያወጣው “አስትሮይድ” የሚለው ቃል ኮከብ መሰል ማለት ነው። “ኮከብ መሰል” ብለን ብንተረጉመው ቃሉ ቅጽል ስለሚመስል በመዝገብ ውስጥ “ኮከብ መሰል ነገር ታየ” ከሚለው ተራ መግለጫ ጋር ይጋጫል። “ደቂቀ ፈለክ” ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን ደቂቅ የሚለው ልጅነትንም ስለሚያመለክት ከጨረቃዎች ጋር ያደናግራል። ስለዚህ “አስትሮይድ” የሚለውን የውሰት ቃል እንዳለ መቀበል ይሻላል። አዲስ ለተገኘ አስትሮይድ የሚሰጠው የዓመትና የፊደላት ምልክት ደግሞ ወደ ግእዝ ፊደል መገልበጥ የለበትም፤ በድምፅ የሚቀራረቡ የላቲን ፊደላት በእኛ ጽሕፈት በቀላሉ ይምታታሉና ምልክቱ እንደ ተመዘገበበት ይቆይ።

ቀ. የስያሜዎች ማጠቃለያ

ርጋታ፦ የአየሩ ጸጥታ፤ ምስሉ የማይዋልልበት መጠን። የመለኪያው ስም ይታከልበታል።
ጥራት፦ የሰማዩ ብርሃን የማሳለፍ መጠን።
የብርሃን ደረጃ፦ የአካል ብርሃን ማዕረግ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበልጣል።
ገጽ፦ በቴሌስኮፕ የሚታየው የፕላኔት ወይም የጨረቃ ክብ።
ጠርዝ፦ የገጹ ዳር፤ ቀዳሚና ተከታይ ተብሎ ይከፈላል።
ወሰነ ብርሃን፦ በገጹ ላይ የበራውንና የጨለመውን ክፍል የሚለይ መስመር።
አጋማሽ መስመር፦ ገጹን ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ ለሁለት የሚከፍል መስመር።
መሻገር፦ ጨረቃ በፕላኔቷ ፊት ማለፏ።
የጥላ መሻገር፦ የጨረቃዋ ጥላ በፕላኔቷ ገጽ ላይ ማለፉ።
መሰወር፣ መገለጥ፦ ጨረቃ ከፕላኔቷ ጀርባ መግባቷና መውጣቷ።
ግርዶሽ፦ ጨረቃ በፕላኔቷ ጥላ ውስጥ መግባቷ።
ተፈልጎ አልታየም፦ በተገለጸው ሰዓትና መሣሪያ ተፈልጎ የታጣ።
አልተሞከረም፦ ያልተፈለገ፣ ምልከታ ያልተደረገበት።

እነዚህን ይዞ የሚጻፍ ምዝገባ ረጅም መሆን የለበትም። ዕለትና ሰዓት ከነሥርዓቱ፣ ቦታ፣ የመሣሪያው ዓይነትና ስፋት፣ የማጉላት ኃይል፣ ርጋታና ጥራት፣ ከዚያም የታየው፣ በመጨረሻም በተለየ መስመር የተገመተው ከተጻፈ ይበቃል። ሰዓቱ ወደ ቅርብ ደቂቃ ይጻፍ፤ ጁፒተር በ10 ሰዓት ገደማ ውስጥ አንድ ዙር ስለምትዞር በገጿ ላይ ያለ ምልክት በ5 ደቂቃ ውስጥ 3 ዲግሪ ይሄዳል።

የዚህ ዓይነት መዝገብ የታላላቅ ምልከታ ቤቶች ሥራ ብቻ አይደለም። በጁላይ 19 ቀን 2009 በጁፒተር ገጽ ላይ አዲስ ጥቁር ጠባሳ አይቶ ዓለምን ያነቃው አንቶኒ ዌስሊ በአውስትራሊያ በግል ቴሌስኮፑ የሚመለከት ሰው ነበር። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ በአነስተኛ መሣሪያ የሚመለከቱ ወጣቶችም እየተነሡ ነው። አፖፊስ በ2029 ሲያልፍ ከአፍሪካ በዐይን እንኳ ይታያል ተብሎ ይጠበቃል። በዚያ ሌሊት በአማርኛ የሚጻፈው ምዝገባ በማግሥቱ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል እንዲሆን ቃላቱ ከወዲሁ መስማማት አለባቸው። የቀረቡት ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ ሳይሆኑ የውይይት መነሻ ስለሆኑ፣ የሚሻል ቃል ያለው አንባቢ ከነምክንያቱ እንዲያቀርብ እንጋብዛለን።